ክቡር ባለ አክሲዮን መርቭ እና ሰባተኛው ጉድጓድ

በአደላይድ ከተማ በየመንገዱ ቢያንስ አንድ የዩራኒየም ባለ አክሲዮን አይጠፋም። በእግሩ ረግጦት የማያውቀውን ቦታ «ማዕድናችን» ብሎ ይጠራል። ዋጋው ሲወጣ እሱ አስቀድሞ ያውቅ ነበር፤ ሲወርድ ደግሞ ዓለም ተሳስታለች። ለእኛ መንገድ የደረሱን ከአጥሬ ማዶ የሚኖሩት ክቡር ባለ አክሲዮን መርቭ ትሬጌንዛ ናቸው። ማዕረጉን የሰጠችው ባለቤቴ ኖሪን ነበረች። እኔ ግን ሠላሳ ዓመት የተጎራበተኝን ሰው አንቱ ማለት ስለማይሆንልኝ መርቭ እያልኩ እቀጥላለሁ።

መርቭ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ የቧንቧ ሠራተኛ ነበር። ወሬ ከየትም ቢነሳ እሱ ዘንድ ሲደርስ ማረፊያው ዩራኒየም ነው። ስለ ሙቀቱ ብታነሱ መድኃኒቱ ዩራኒየም ነው። ስለ መብራት ሒሳብ ብታማርሩ ጥፋቱ የራሳችሁ ነው፤ ዩራኒየሙን ለባዕድ ሸጣችሁ እናንተ በነፋስ ትጫወታላችሁ። የራሱ ጣሪያ ላይ ግን አሥራ ስድስት የፀሐይ ሰሌዳ ደርድሯል። ኖሪን አንድ ቀን በአጥሩ ላይ ጠየቀችው።

«እነዚያስ ምንድን ናቸው፣ ክቡርነትዎ?»

«እነሱ ለቢራ ማቀዝቀዣው ናቸው።»

በጃፓን የኃይል ማመንጫው አደጋ የደረሰ ጊዜ አክሲዮኑ አፈር በላ። ሌላው ሰው ሁሉ ሲሸጥ መርቭ ጨምሮ ገዛ። በዚያው ዓመት ሚስቱ እህቷ ዘንድ እንደሄደች ቀረች። ምክንያቱ ዩራኒየም ብቻ ነው አልልም፤ ዩራኒየሙ ግን አላገዘውም። «ገበያው ገና አልገባውም» ይላል እስከ ዛሬ። ቋሊማ እየጠበሰ ይህን ማስረዳት ከጀመረ ቋሊማው ከሰል ይሆናል፤ እንግዳው ደግሞ ከሰሉን ይበላል።

ኖሪን በወጣትነቷ በሰሜኑ በረሃ ነርስ ሆና ሠርታለች። እዚያ አንድ ምንጭ አለ። የአካባቢው ነባር ሰዎች ይጠጡታል፤ እሷም አዲስ የተወለዱ ሕፃናትን ያጠበችው በሱ ነው። መርቭ አክሲዮን የገዛበት ኩባንያ ከምንጩ ብዙም ሳይርቅ አሲድ የቀላቀለበትን ውሃ ወደ መሬት ውስጥ እየለቀቀ፣ ዩራኒየሙን አሟሙቶ ያወጣል። ውሃው ወደ ምንጩ እንዳይሄድ የሚጠብቁ ሰባት የመቆጣጠሪያ ጉድጓዶች አሉ። ሰባተኛው ለምንጩ የቀረበው ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት የሰባተኛው ጉድጓድ ውጤት ከዓመታዊው ሪፖርት ላይ ጠፋ። ስለ ስድስቱ ይጻፋል፤ ስለ ሰባተኛው ዝም።

በኩባንያው ዓመታዊ ጉባኤ ላይ መጠየቅ የሚችለው ባለ አክሲዮን ብቻ ነው። ስለዚህ ኖሪን የተፈቀደውን ትንሹን ያህል አክሲዮን ገዛች። በየኅዳሩ በመርቭ መኪና አብረው ይሄዳሉ። ጉባኤው የሚካሄድበት ሆቴል በር ላይ ሲደርሱ እሷ ማዕድኑን ከሚቃወሙት ሰዎች ጋር የተቃውሞ ሰሌዳ ይዛ ለአንድ ሰዓት ትቆማለች፤ ከዚያ ሰሌዳውን ለጓደኛዋ ሰጥታ ትገባና መርቭ ጎን ትቀመጣለች። መርቭ በበኩሉ የተቃዋሚዎቹን በራሪ ወረቀት ተቀብሎ፣ የተሳሳቱትን ቁጥሮች በእስክሪብቶ አርሞ ይመልስላቸዋል። ከጉባኤው ግብዣ ላይም ትንንሽ የሥጋ ፓይ በናፕኪን ጠቅልሎ ያወጣላቸዋል።

«ጠላቶችህን ትቀልባለህ?» ብዬው ነበር።

«ቢሳሳቱም ይርባቸዋል» አለኝ።

ኖሪን ሦስት ዓመት ያንኑ ጥያቄ ጠየቀች። የቦርዱ ሊቀመንበር ሦስቱንም ጊዜ «በጽሑፍ እንመልሳለን» አሏት። ምንም አልመጣም።

ባለፈው ክረምት ታመመች። ሊጠይቃት የሚመጣ ሁሉ በሹክሹክታ ያወራል፤ ትራሷን ያስተካክላል፤ ይሄዳል። ድምፁን ሳይቀንስ የመጣው መርቭ ብቻ ነው። አዲሱን ሪፖርት አልጋዋ ላይ ዘረጋው።

«ገጽ አርባ አንድን አየሽው? ውሃው ንጹሕ ነው ይላል።»

«ስድስቱ ናቸው ንጹሕ የተባሉት። መቁጠር አትችልም እንዴ?»

«አንቺ ሴትዮ፣ ሰባት ሰባት እያልሽ ልትገድይኝ ነው።»

«አይዞህ፣ ቀድሜህ ነው የምሄደው።»

ሁለቱም ሳቁ። ያን ቀን ትራስ ተደግፋ ለመቀመጥ የማንም እርዳታ አላስፈለጋትም። እኔ ኩሽና ገብቼ ሻይ አፈላሁ፤ ሻዩ ብዙ ጊዜ ፈጀብኝ።

ክረምቱ ሳያልቅ አረፈች። ጥያቄውን በእጇ ጽፋ ሰጥታኝ ነበር። «ዘንድሮ አንተ ጠይቅልኝ፣ ዴስ» አለችኝ። እሺ አልኳት። ሌላ የጠየቀችኝ ነገር የለም።

ኅዳር ላይ በጉባኤው መግቢያ መዝገብ ወዳለበት ጠረጴዛ ቀረብኩ። የተቀመጠችው ልጅ ስሙን ፈልጋ አገኘችው።

«አክሲዮኑ በወይዘሮ ኖሪን ሃስኬት ስም ነው። እሳቸው አልመጡም?»

«አርፋለች። ባለቤቷ ነኝ።»

«በጣም አዝናለሁ፣ አባባ። የስም ማዛወሪያ ቅጹን ግን አልላኩም። የእንግዳ ካርድ ነው የምሰጥዎት። መቀመጥ ይችላሉ፤ መናገር አይችሉም።»

ልክ ነበረች። ቅጹ ከመጣ ቆይቷል። ያልላክሁት ከኩባንያው የሚመጣው ፖስታ አሁንም በኖሪን ስም ስለሚመጣ ነው። ቅጹን ከላክሁ በስሟ መጻፍ ያቆማሉ። ስሟን ላቆይ ብዬ የሰጠኋትን ቃል የምፈጽምበትን በር በገዛ እጄ ዘጋሁት።

መርቭ ጎን ሄጄ ተቀመጥኩና ቀዩን የእንግዳ ካርድ አሳየሁት። አየው። መዳፉን ዘረጋ።

«ስጠኝ» አለ። የኖሪንን ጥያቄ የያዘውን ወረቀት ማለቱ ነው።

የጥያቄ ሰዓት ሲደርስ መነጽሩን አድርጎ ቢጫውን የባለ አክሲዮን ካርድ አነሳ። ሊቀመንበሩ ፈገግ አሉ። መርቭ እስከዚያ ቀን የጠየቃቸው ለምን ቶሎ እንደማይቆፍሩ ብቻ ነው።

«መርቭ ትሬጌንዛ፣ ባለ አክሲዮን። ጥያቄው የወይዘሮ ኖሪን ሃስኬት ነው። ‹የሰባተኛው ጉድጓድ ውጤት የት ሄደ? የለካው ማን ነው፣ መቼ?›»

«እናመሰግናለን። በጽሑፍ እንመልሳለን።»

«ሦስት ጊዜ በጽሑፍ ብለዋታል። ሞታለች። አሁን ይንገሩን።»

«ይቀመጡ እባክዎ፣ አቶ ትሬጌንዛ።»

«ጉልበቴ አይረባም፤ ከተቀመጥኩ መነሳት ያስቸግረኛል። ቆሜ እጠብቃለሁ።» የፊት ለፊቱን ወንበር መደገፊያ ያዘ። «አርባ ዓመት ቧንቧ ሠርቻለሁ። ባለቤቱ የማያሳየኝ ክፍል ካለ የሚያፈስሰው እዚያ ነው።»

አንድ መሐንዲስ ተነስቶ ለሊቀመንበሩ በጆሯቸው አንሾካሸከላቸው። ሊቀመንበሩ ውሃ ጠጡ። የሰባተኛው ጉድጓድ መለኪያ ተበላሽቶ ከሦስት ዓመት በላይ እንዳልተለካ ተናገሩ። በዘጠና ቀን ውስጥ ተጠግኖ ውጤቱ ይፋ እንዲሆን በጉባኤው ቃለ ጉባኤ ተያዘ።

መርቭ አመስግኖ ተቀመጠ። ከዚያ ለቦርዱ አባላት በሙሉ የድጋፍ ድምፁን ሰጠ።

«እንዴት?» አልኩት።

«ሌላ ማን አለ?»

ስንመለስ ግማሹን መንገድ ከሌሎቹ መኪናዎች ሁሉ ቀስ ብሎ ነዳ። እንዲህ ሆኖ አይቼው አላውቅም።

«ልክ ነበረች» አለ በመጨረሻ።

«ነበረች።»

«ውሃው ተበክሏል ማለት ግን አይደለም። አልለካንም ነው ያሉት።»

«ገብቶኛል፣ መርቭ።»

ሬዲዮኑ የአክሲዮኑን መውረድ ተናገረ። መርቭ ዘጋው።

«በቃ ሽጠው» አልኩት።

«አብደሃል? ከሸጥኩት በሚቀጥለው ኅዳር ማን ያስገባኛል? ዘጠና ቀን ያሉት እነዚያው ሰዎች ናቸው።» ትንሽ ነዳና ቀጠለ። «አንተም ያንን ቅጽ ላክ። እዚያ ብቻዬን ስቆም ሞኝ ነው የምመስለው።»

በማግስቱ ጠዋት ቅጹን ሞላሁት። ስሟን ጻፍኩ፤ ከጎኑ ባለው ሣጥን ውስጥ «ሟች» ብዬ ጻፍኩ። ፊርማዬ ላይ ስደርስ ውጭ የመኪና ጥሩምባ ሰማሁ። ቅዳሜ ፖስታ ቤቱ እስከ እኩለ ቀን ብቻ እንደሚሠራ የሚያውቀው ክቡር ባለ አክሲዮን፣ መኪናውን በሬ ላይ አቁሞ ይጠብቀኝ ነበር።