ሊቀ ዕርቅ ወልደ ጊዮርጊስና የብርነሽ ገና

ሐረር ውስጥ ሁለት ሰው ድምፁን ከፍ አድርጎ ተነጋግሮ በሰላም ቤቱ መግባት አይችልም፤ አስታራቂ ይመጣበታል። ሌላውም አገር ሳይኖር አይቀርም። ሁለት ጎረቤት ባለበት ሁሉ፣ ማንም ሳይልከው የሚመጣ፣ ማንም ሳይጋብዘው የሚቀመጥ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ "እስቲ ከመጀመሪያው ንገሩኝ" የሚል አንድ ሰው አይጠፋም። የብርነሽ ሰፈር ሰው ይህን ሹመት የሰጠው ለጋሽ ወልደ ጊዮርጊስ ነው። ፊት ለፊት "ጋሽ ወልዴ" ይሏቸዋል፤ ዞር ሲሉ "ሊቀ ዕርቅ" ናቸው።

ሊቀ ዕርቅ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ በጀጎል ውስጥ የመብራት ቆጣሪ ሲያነቡ ኖረዋል። ያልገቡበት ቤት የለም። ቆጣሪው የሚሰቀለው ከበር በስተውስጥ ስለሆነ የስንቱን ባልና ሚስት ጭቅጭቅ ከነመነሻው ያውቁታል። ጡረታ ሲወጡ ማንበቡ ቀረ፤ መግባቱ ግን አልቀረም።

አባባላቸው አንድ ነው። "ጥፋተኛ የለም፤ ኩርፊያ ነው ያለው" ይላሉ። ይህን ካሉ በኋላ የሁለቱንም ሰው እጅ ይዘው፣ የሰጠም ያልሰጠም ቢሆን፣ አንዱን ካንዱ ጋር ያገናኙታል።

አንድ ጊዜ ፈረስ መጋላ ላይ ሁለት የባጃጅ ሾፌሮች ሲሰዳደቡ ደረሱ። ልጆቹ የሚሰዳደቡት ስለሚዋደዱ ነበር፤ ሐረር ላይ የማይሳደብ ጓደኛ ይጠረጠራል። ሊቀ ዕርቅ ግን ሁለቱንም ከባጃጃቸው አስወርደው ነገሩን ከመጀመሪያው እንዲያስረዱ አዘዙ። ከመጀመሪያው ሲያስረዱ አንደኛው ረስቶት የነበረ እውነተኛ ቅያሜ ትዝ አለው። ከዚያ ወዲያ ልጆቹ ስድቡንም ሰላምታውንም ተዉት። ሊቀ ዕርቅ ቆይተው እንደገና ሄደው አስታረቋቸው፤ እስከ ዛሬም "በአንድ ጉዳይ ሁለት ዕርቅ" እያሉ ያወሩታል።

ሸዋ በር ገበያ ላይ ደግሞ አንዲት ሴት በሽንኩርት ዋጋ ስትከራከር አይተው መሀል ገቡ። ሻጭና ገዢ አብረው ዞሩባቸው። "ቢያንስ እነሱ ተስማሙ" አሉ ሲመለሱ። የአቶ ሳሙኤል ቤት ሄደው ባልና ሚስቱ ጸጥ ብለው ሲያገኟቸውማ ስለ ትዳር ግማሽ ቀን መከሩ። ሚስትየዋ ጥርሷን አሟት አፏን መክፈት አቅቷት እንጂ አልተጣሉም ነበር። ሊቀ ዕርቅ ሲወጡ ትዕግሥቷን አደነቁ፤ እንደ እሷ ያለች ሰሚ አግኝተው አያውቁም።

የብርነሽ ጉዳይ ግን ቀልድ አልነበረም።

ልጇ ገሊላ፣ "እናቴ ዮሲን አትወደውም" ብላ ፈርታ፣ ማዘጋጃ ቤት ሄዳ ከዮሲ ጋር የጋብቻ ውል ተፈራረመች። ብርነሽ ይህን የሰማችው ታክሲ ስትጠብቅ ነው። አንዲት የድሮ ጎረቤት ከሩቅ እጇን ዘርግታ "እንኳን ደስ አለሽ" አለቻት። ብርነሽም ለምን እንደሆነ ሳይገባት "እንኳን አብሮ ደስ አለን" ብላ ሳመቻት። ልጇ ማግባቷን ያወቀችው ስማ ከጨረሰች በኋላ ነው። መፈራረሙን ምናልባት ይቅር ትል ነበር። ያንን "አብሮ ደስ አለን" ግን መዋጥ አቃታት።

ሥርዓቱ የታወቀ ነው። ያጠፋ ሰው ሽማግሌ ይልካል። ሽማግሌዎቹ ተበዳይ ደጅ ይቆማሉ፤ ተበዳይ እምቢ ይላል፤ ይለመናል፤ እንደገና እምቢ ይላል፤ በመጨረሻ ስለ እግዚአብሔር ሲባል ይለዝባል። ብርነሽ እምቢ የምትልበትን ቃል ሳይቀር አሰናድታ ተቀመጠች። የሚለምናት አልመጣም። አንድ ገና አለፈ፤ ሁለተኛው ደረሰ።

የነቢያት ጾም ሊፈታ ሲቃረብ ሊቀ ዕርቅ ሐጂ ዐብዱልጀሊልን አስከትለው በሯን አንኳኩ። ሐጂ ሱቃቸው ከሷ መንገድ መታጠፊያ ላይ ነው። ሊቀ ዕርቅ ያለ እሳቸው ሽምግልና አይወጡም፤ "የሐረር ሽምግልና አንድ እግር ብቻ ካለው ያነክሳል" ይላሉ። ብርነሽ ሁለቱን ሽማግሌዎች አንድ ላይ ስታይ ልቧ ዘለለ። ልጄ ላከቻቸው ብላ ነጠላዋን አስተካከለች፣ ሻይ አቀረበች፣ ፊቷን አጠቆረች።

"ማን ላካችሁ?" አለች፤ ብታውቀውም መጠየቅ ወግ ነው።

"ማንም" አሉ ሊቀ ዕርቅ።

"ገሊላ አይደለችም?"

"አይደለችም። እኛው ነን። የመጣነውም አንቺ ወደሷ ሂጂ ልንልሽ ነው።"

ብርነሽ ያሰናዳችው እምቢታ ለዚህ አልሆን አላት። "እኔ? የተበደልኩት?"

"ብርነሽዬ፣ ጥፋተኛ የለም፤ ኩርፊያ ነው…"

"ተዉኝ ጋሽ ወልዴ። ጥፋተኛማ አለች። ስሟንም ያወጣሁላት እኔ ነኝ።" ሻዩን ወደሳቸው ገፋ አደረገችው። "ደግሞስ ጥፋተኛ ከሌለ ጌታ ማንን ሊያድን ተወለደ? ነገሩ ኩርፊያ ብቻ ከነበረ አንድ መልአክ ልኮ 'በቃ ታርቀናል' አይልም ነበር? በረት ድረስ ምን አመጣው?"

ሊቀ ዕርቅ ወደ ሐጂ ዞሩ።

"ሐጂ፣ እርስዎስ ምን ይላሉ?" አለች ብርነሽ።

"አቦ፣ እኔን እዚህ ውስጥ አታስገቢኝ" አሉ ሐጂ። "እሱ የእናንተ ነው። እኔ የማውቀው ሱልሕ ኸይር ነው፤ ዕርቅ ደግ ነው። ሻይሽም ደግ ነው።"

ሊቀ ዕርቅ ብድግ ብለው ከዘራቸውን አንስተው ወጡ። ሳይመርቁ። ሰፈሩ ግራ ተጋባ፤ አመማቸው የሚልም ነበር። በማግስቱ የሐጂ ሱቅ ደጃፍ ላይ ሁለት ልጆች በእግር ኳስ ሰበብ ሲደባደቡ በአጠገባቸው አልፈው ሄዱ ተባለ።

ብርነሽም ሰላም አላገኘችም። ያን ጥያቄ የጠየቀችው አፋቸውን ለማስያዝ ነበር፤ እሷንም ያዛት። ነጭ ሽንኩርት ስትልጥ ይመጣል፣ ልብስ ስታሰጣ ይመጣል። ከልጅነቷ ጀምሮ "ሊያድነን ተወለደ" ስትል ኖራለች፤ ሰው "እንዴት አደርሽ" ሲላት "እግዚአብሔር ይመስገን" እንደምትለው። ከምን እንዳዳናት ጠይቃ አታውቅም። ከሞት ነው፣ ከኃጢአት ነው፤ ይህንንማ ታውቃለች። ግን ለምን እንዲህ? የተበደለ ሰው፣ ያውም ጌታ፣ ሽማግሌ ሳይላክበት፣ ሳይለመን፣ እንዴት ተነሥቶ ይመጣል? ማስረዳት የሚችል ሰው አለ ብላ ያሰበችው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሳቸውን ደግሞ ራሷ ነች ያባረረቻቸው።

እሳቸውም መጡ። ጢማቸውን አልተላጩም። ግቡ ስትላቸው በር ላይ ቆሙ፤ ሊቀ ዕርቅ ወንበር እምቢ ሲሉ የታዩት ያን ቀን ብቻ ነው።

"ተሳስቻለሁ" አሉ። "ጥፋተኛ አለ።"

"ማን?"

"አዳም።"

"ስለ ገሊላ መስሎኝ።"

"ስለሷም ነው። ቆይ፣ እንዳታደናግሪኝ፤ እንደምንም ነው የያዝኩት።" ከዘራቸውን ከአንድ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። "አዳም አጠፋ። በሥርዓቱ ሽማግሌ መላክ ነበረበት። ማንን ይላክ? ያለው ልጆቹ ናቸው፤ እነሱም እንደሱ አጥፊ ናቸው። አጥፊ ለአጥፊ ምን ዓይነት ሽማግሌ ይሆናል? እግዚአብሔር ዝም ብሎ ቢጠብቅ ኖሮ እስከ ዛሬ በጠበቀ። ስለዚህ ነቢያትን ላከ።"

"ቆይ እንጂ፣ ሽማግሌ የላከው ተበዳዩ ነው?"

"ተበዳዩ።"

"ሥርዓት አፈረሰ በሉኛ።"

"አፈረሰ። ያም አልበቃው፤ ራሱ መጣ። በደለኛው ቤት ገባ። ሲመጣም በነጎድጓድ አልመጣም፤ ሕፃን ሆኖ ነው የመጣው፤ በደለኛው እንዳይሸሽ፣ እንዲያቅፈው።"

"የማን ሥርዓት ነው ይሄ?" አለች ብርነሽ።

"የገና ነው" አሉ። "እኔም ግራ ገብቶኛል። ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ሳስታርቅ እንዲህ ያለ ዕርቅ አላየሁም። መሀል ላይ የምንቀመጥበት ቦታ እንኳ የለውም።"

"የኔዋ ግን ሽማግሌ መላክ ትችል ነበር። ናቀችኝ።"

"አልናቀችሽም። ሐጂ ስንት ጊዜ አይተዋታል። በየበዓሉ እስከ መታጠፊያው ትመጣለች። እዚያ ጥጉ ላይ ያለውን ግንብ ተደግፋ ትቆማለች፤ ከዚያ ትመለሳለች። እግሯ ከዚያ አያልፍም።"

"ሐጂ ለምን አልነገሩኝም?"

"'በር ደርሶ የተመለሰን ሰው ያየ ዝም ይላል' አሉኝ። እኔ ግን ዝም ማለት አልተፈጠረልኝም።" ፊታቸውን ወደ መንገዱ አዞሩ። "የገና ዕለት ከሰዓት በኋላ ከሐጂ ጋር ሄደን ይዘናት እንመጣለን። አንቺ በር አትዝጊ ብቻ። የምናገረውንም ማሰናዳት ጀምሬያለሁ።"

የገና ጠዋት ብርነሽ ከመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ስትወጣ ወደ ቤቷ ለመሄድ ነበር ሐሳቧ። ድስቱን አሙቃ፣ በሩን ገርበብ አድርጋ፣ ፊቷን ሳታጠቁር ልትቀመጥ ነበር ቆርጣ የተነሣችው፤ ይህም ለሷ ትልቅ ነገር ነው። መታጠፊያው ጋ ስትደርስ ግን ግንቡን አየችው። ልጇ የምትደገፈው የቱ ጋ ይሆን ብላ ቆመች። እጇን አኖረችበት። ቀዝቃዛ ነበር።

ከዚያ በኋላ እንዴት እንደሆነ ብትጠየቅ መናገር አትችልም። ስትነቃ በሸዋ በር እየወጣች ነበር። "እኔ ተበድዬ" ትላለች፤ እግሯ ይሄዳል። "ቢያንስ ዳቦ ይዤ" ትላለች፤ እግሯ ይሄዳል። የምትለውንም መንገድ ላይ ሰካካች፤ መጀመሪያ ወቀሳ፣ ቀጥሎ ምክር፣ መጨረሻ ይቅርታ። የነገሊላ የኪራይ ቤት በር ሲከፈት ሦስቱም ጠፉባት።

"እናንተ ሰፈር ውሃ መጥቷል?" አለች።

ገሊላ በሩን እንደያዘች ቀረች። "ትናንት መጥቶ ሄደ" አለች። ቀጥላ፣ "እማዬ፣ ማን ላከሽ?" አለች።

"ማንም። ራሴ ነኝ።"

ገሊላ እግሯ ላይ ወደቀች። ብርነሽ ልታነሣት ጎንበስ ስትል ወገቧ እምቢ አላትና አብራት መሬት ተቀመጠች። ዮሲ ማን መጣ ብሎ ከጓዳ ብቅ አለ። አማቱን ከደጃፉ ላይ ተቀምጣ ሲያይ ሸሚዝ ሊቀይር ሮጠ፤ ለብሶ የመጣውን ግን ገልብጦ ነበር የለበሰው። "ይግቡ እንጂ፣ ብርድ ነው" አላት። ብርነሽ ሸሚዙን አየችው። እንዲህ የሚደነግጥ ሰው ክፉ ሊሆን አይችልም ብላ አሰበች። ልጇን ግንባሯን ሳመቻት፤ ቶሎ፣ ሰው የሚያይ ይመስል።

ሊቀ ዕርቅና ሐጂ ሲደርሱ እናትና ልጅ ጎን ለጎን ተቀምጠው ለወጡ እንቁላል ይልጣሉ። ሊቀ ዕርቅ አዲስ ኮት ለብሰዋል፤ ዳገቱ ጉልበታቸውን ጎድቶታል፤ ትንፋሻቸው ይቆራረጣል። በሩ ላይ ቆመው አንዴ እናትየዋን፣ አንዴ ልጅቱን፣ አንዴ እንቁላሉን አዩ።

"ታረቃችሁ?" አሉ።

"ታረቅን" አለች ገሊላ።

"ማን አስታረቃችሁ?"

እናትና ልጅ ተያዩ። "ደግ ነው" አሉ ሊቀ ዕርቅ። "እግዚአብሔር ይመስገን። ደግ ነው።" እውነትም ደስ ብሏቸዋል፤ ግን ከዘራቸውን የሚያኖሩበት ቦታ እንዳጣ ሰው ሆኑ። ያሰናዱት ንግግር ደረታቸው ላይ እንዳለ ያስታውቃል፤ የኮታቸው ቁልፍ ሳይቀር በሱ ተወጥሯል።

ብርነሽ አየቻቸው። ሰው ሁሉ የሚሸሻቸው፣ ሰው ሁሉ የሚስቅባቸው እኚህ ሰው በዚያ ጉልበታቸው ዳገቱን የወጡት ለማን እንደሆነ አሰበች። እንቁላሉን አስቀምጣ ተነሣች። ከአግዳሚው ወዲያኛው ጫፍ ሄዳ ተቀመጠች። ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ሳበችና ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች።

"እኔ ከዚች ልጅ ጋር ሽማግሌ ካልገባበት አልነጋገርም" አለች።

ገሊላ እናቷን አየቻት። ከዚያ ቀስ ብላ እሷም ፊቷን ወደ ሌላው ግድግዳ አዞረች። ሐጂ ሳል ያዛቸው፤ ሽርጣቸውን አስተካክለው ተቀመጡ። ዮሲ፣ የሆነው ነገር ፈጽሞ ሳይገባው፣ ለሐጂ ለስላሳ ከፈተ።

ሊቀ ዕርቅ ገባቸው ወይስ አልገባቸውም? ብርነሽ እስከ ዛሬ አታውቅም። ብቻ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ከአዳም ጀመሩ። መሀል ላይ ከነቢያቱ አንዱን ረስተው ተመለሱ፤ እንደገና ከአዳም ጀመሩ። ወጡ ቀዘቀዘ። ብርነሽ ግማሹን አልተከተለችውም፤ የቀረውንም ዛሬ ድረስ በትክክል አልገባኝም ትላለች። ነገር ግን "እሱ ራሱ መጣ" ሲሉ ድምፃቸው ስለተሰበረ አንገቷን ሳታዞር እንባዋን በነጠላዋ ጠረገች።

"በሉ እንግዲህ" አሉ ሲጨርሱ። "ገሊላ፣ ተነሽና እናትሽን ሳሚ።"

ገሊላ ተነሣች። የጠዋቱ መሳም ቶሎ ያለቀ ነበር። ይሄኛው ቆየ።