ውሃ የማይነካው ሽፋን

በደሴቲቱ ሰሜናዊ ዳርቻ የማዕበል መጋለቢያ ሳንቃ ሥራ ጥበብ ጨርሶ እንዳይጠፋ፣ አሥራ አንድ አባላት ያሉት የሰነዳ ኮሚቴ ተቋቁሟል። ከአሥራ አንዱ መላጊያ ጨብጦ የሚያውቅ አንድም የለም፤ ይህም የኮሚቴውን ገለልተኝነት በማያሻማ ሁኔታ ያረጋግጣል።

የሚሰነዱት ጋሼ ካሙኤላ ናቸው፤ የመጨረሻው ሳንቃ ሠሪ። ሰባ አራት ዓመታቸው ነው። ጉልበታቸው ከከዳቸው ወዲህ ማዕበል ላይ መቆም ትተዋል። የቀራቸው ምኞት አንድ ነው፦ ዘጠኝ ዓመት ጥላ ሥር ያደረቋትን ኮአ የተባለ የደሴቲቱ ዛፍ እንጨት በደረት የሚተኙባት አጭር ሳንቃ አድርገው የታኅሣሥን ማዕበል መጋለብ።

ኮሚቴው ቀደማቸው። ፎቶ አንሺው ኢካይካ ወርክሾፓቸው ገብቶ ካሜራውን ደገነ።

"ጋሼ፣ ይላጉ። እንጨቱን ግን አይንኩ።"

"ሳልነካ ምኑን ልላግ?"

"ብናኙ ሌንሱ ላይ ያርፋል። እጅዎ ብቻ ይሂድ፣ ፊትዎ ይመሰጥ።"

ጋሼ ካሙኤላ አራት ወር ሙሉ አየር ላጉ።

ቀጥሎ ሰነዱ የሚታተምበት መጽሐፍ መጠን አጀንዳ ሆነ። ታላቅ ባህል በትንሽ መጽሐፍ ቢሰነድ ባህሉን ማሳነስ ነው ተብሎ፣ ቁመቱ አንድ ሜትር ከአሥር ሴንቲ ሜትር እንዲሆን በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። ይህን የሚሸከም ሽፋን ከወረቀት አይሠራም። ሰብሳቢዋ ወይዘሮ ሌናአላ ወርክሾፑን ቃኘት ሲያደርጉ ዓይናቸው ኮአዋ ላይ አረፈ።

"ጋሼ፣ ይቺ እንጨት ለሽፋንነት ተመርጣለች። እንኳን ደስ አለዎት።"

"ልጄ፣ እሷ እኮ ሳንቃ ልትሆን ነው።"

"ሳንቃ ይሰበራል። መጽሐፍ ለትውልድ ይቀራል።"

"ትውልዱ በምን ይጋልባል?"

"ምዕራፍ ሰባት ላይ ተብራርቷል።"

እንቢ ካሉ ደግሞ መጽሐፉ "ለጥበቡ ደንታ የሌላቸው ባለሙያ" ብሎ ሊጠቅሳቸው እንደሚገደድ በትሕትና ተነገራቸው። ጋሼ ካሙኤላ ጥቂት አሰቡና፣ "እሺ፤ ሽፋኑን የምሠራው ግን እኔ ነኝ" አሉ።

ሠሩት። አንዱን ጫፍ ሞላላ አደረጉት፣ ትንሽ ቀና አሰኙት፣ ጠርዙን አለዘቡት። ለምን ሲባሉ "ለመግለጥ እንዲመች" አሉ። ኮሚቴው ለአንባቢ ስላሳዩት አሳቢነት በቃለ ጉባኤ አመሰገናቸው። ከመጽሐፉ ጋርም በአራት ብሎን ታሰረ።

ምረቃው በታኅሣሥ አጋማሽ፣ ባሕሩ ዳር ባለው አዳራሽ ሆነ። ቀኑን የመረጠው ኮሚቴው ስለሆነ የማዕበሉን ትንበያ ያየ አልነበረም። ወይዘሮ ሌናአላ በንግግራቸው አርባኛ ደቂቃ ላይ "ከእንግዲህ ይህን እንጨት ውሃ አይነካውም!" ሲሉ የአዳራሹ መስኮቶች ተንቀጠቀጡ። የታኅሣሡ ማዕበል መጥቷል። ከኋላ ያሉት ወንበሮች አንድ በአንድ ባዶ ሆኑ።

ጋሼ ካሙኤላ ለምረቃው የተሰጣቸውን የአበባ ጉንጉን እንዳጠለቁ መድረክ ወጥተው ከኪሳቸው ካቻቢቴ አወጡ።

"ጋሼ፣ ምን እያደረጉ ነው?"

"እየገለጥኩ።"

አራተኛው ብሎን ሲወልቅ ሽፋኑን ብብታቸው ሥር ሸጉጠው ወጡ። የቀረው ታዳሚም ተከተላቸው። ሽማግሌው በደረታቸው ተኝተው የቀኑን ረጅሙን ማዕበል እስከ አሸዋው ድረስ ሲጋልቡ መንደሩ በሙሉ ቆሞ አየ። ኢካይካ ግን ጀርባውን ለመስኮቱ ሰጥቶ፣ በፕሮግራሙ መሠረት፣ የሰብሳቢዋን ንግግር እያነሳ ነበር።

በማግስቱ ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ደረሳቸው።

"ግልቢያዎ በፎቶ ያልተሰነደ በመሆኑ እንዳልተፈጸመ ይቆጠራል። ስለሆነም ማክሰኞ ጠዋት አዳራሹ ወለል ላይ ተኝተው እንዲደግሙልን በአክብሮት እንጠይቃለን። ሽፋኑን አድርቀው ይዘው ይምጡ። ባሕሩን ኮሚቴው ያዘጋጃል።"