አያ ዘውዱ የመለሱት ክስ

ጉድለት ፈላጊ የሌለበት ሰፈር በደብረ ታቦር አይገኝም። ካለ ንገሩኝ፤ ነገውኑ ጓዜን ጠቅልዬ እገባለሁ። የእኛው ክቡር አያ ዘውዱ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ በችሎት አስከባሪነት አገልግለው ጡረታ ወጥተዋል፤ ጡረታው ግን እርሳቸው ላይ አልሠራም።

ሠርግ ላይ ሽማግሌዎቹ ገና ሳይቀመጡ፣ "ቆይ፣ አንድ ነገር ጎድሏል!" ይላሉ። በማኅበራችን ቄሱ ጠላውን ሊባርኩ ሲነሡ፣ "ያለፈው ቃለ ጉባኤ ሳይነበብ?" ብለው አስቁመዋቸዋል። ዋንጫችንን ይዘን ተፋጠጥን። ይህንንስ ስቄ አሳልፌዋለሁ።

የልጄ የእመቤት ነገር ግን አላሳቀኝም። ጋፋት መንገድ ላይ ወድቃ እጇ ተሰበረ። አንድ የግል ክሊኒክ ጄሶውን አጥብቆ አሰረው። "አመመኝ" እያለች ብታለቅስ፣ "ትለምጂዋለሽ" ብለው መለሱን። ጄሶው ሲፈታ ጣቶቿ አልዘረጋ አሉ። ቀዶ ጥገና ካገኘች ተስፋ አላት ተባልሁ፤ ክሊኒኩ እንዲያሳክማት ልከስ ተነሣሁ።

ክሱን አጽፌ ስመለስ አያ ዘውዱ በር ላይ ያዙኝ። መነጽራቸውን አድርገው አነበቡ።

"ቆይ፣ ጸዳለ። አንድ ነገር ጎድሏል።"

"ደግሞ ምን?"

"'እናቷ ነኝ' ብለሻል።"

"ታዲያ ማን ልሁን?"

እመቤትን የወለደቻት ሟች እኅቴ ናት፤ አባቷም በሕይወት የለም። ዳዴ ስትል ጀምሮ ያሳደግኋት እኔ ነኝ። እኛ ዘንድ ደግሞ ያሳደገ ሰው "የእኔ አይደለችም" አይልም፤ ነውር ነው።

"ልጅ ራሷ አትከስም" አሉኝ። "ስለ እርሷ የምትቆሚው ፍርድ ቤት ሞግዚትነትሽን ሲያጸድቅ ነው። አለዚያ የክሊኒኩ ጠበቃ 'ይህች ሴት ምኗ ናት?' ብሎ ገና ከመግቢያው ይጥልሻል። እስክትመለሽ ይርጋው ያልፋል፤ ከዚያ ወዲያ ክስ የለም።"

"ልጄን ልጄ አይደለችም ብዬ ልማልልዎ?" ብዬ ጮኽሁባቸው።

እርሳቸው እቴ! በማግሥቱ መጡ። የልደት ማስረጃ፣ የእኅቴ የሞት ማስረጃ፣ የሐኪሞች ቦርድ ውሳኔ፣ ምስክር... አንዱን ሳመጣ ሌላው ይጎድላል። የቀበሌውን ማኅተም እንኳ "ደብዝዟል" ብለው መለሱኝ። በሬን ብዘጋ በመስኮት፣ "ጸዳለ፣ ይርጋው!" ይሉኛል። ምን ዓይነት ችክ ያሉ ሰው ናቸው!

የሞግዚትነቱ ቀጠሮ ደረሰ። ምስክሬ ማን ቢሆን ጥሩ ነው? እርሳቸው! መንገዱን ሙሉ፣ "'አክስቷ ነኝ' በይ፤ 'እናቷ' ካልሽ ጉድ ፈላ!" እያሉ አስጠኑኝ። ጥርሴን ነክሼ "አክስቷ ነኝ" አልሁ። እመቤት ከኋላዬ ተቀምጣለች፤ ዞሬ ላያት አልቻልሁም።

አያ ዘውዱ ምለው ቆሙ።

"አመልካቿ ለልጅቷ ምኗ ናት?" አሉ ዳኛዋ።

አያ ዘውዱ ወደ እኔ አዩ። ወደ እመቤት አዩ።

"እናቷ ናት።"

ዳኛዋ ቀና ብለው፣ "አክስቷ ናት አልተባለም እንዴ?" አሉ።

"በወረቀቱ አክስቷ ናት፣ ክቡር ፍርድ ቤት። ወረቀቱም ልክ ነው፤ እኔው ነኝ ያሟላሁት። የማልሁት ግን የማውቀውን ልናገር ነው።"

ዳኛዋ ፈገግ ብለው ሞግዚትነቱን አጸደቁ፤ ክሱም ይርጋው ሳያልፍ ተከፈተ።

ያን ዕለት ከችሎት ስንወጣ አያ ዘውዱ እንደ ጥፋተኛ አንገታቸውን ደፍተው፣ "ተሳሳትሁ፤ የተጠየቅሁት ዝምድናውን ብቻ ነበር" ይሉኛል። ጎንበስ ብዬ ጉልበታቸውን ሳምሁ፤ ቀና ስል እመቤትም ልትስም ተራዋን እየጠበቀች ነበር።