ጋሼ ለምንአሁን እጃቸውን ከኪሳቸው ያወጡበት ቀን

በየሰፈሩ፣ በየመሥሪያ ቤቱ፣ በየሠርግ አዳራሹ አንድ ጠርጣሪ አይጠፋም። «እንደምን አደርክ?» ሲሉት «ምን ሰምተህ ነው?» የሚል፣ ሐኪም «ጤነኛ ነህ» ቢለው ሌላ ሐኪም ፍለጋ የሚወጣ፣ ስጦታ ሲቀበል ከማመስገኑ በፊት ገልብጦ ሥሩን የሚያይ። ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። አንዳንዶቻችሁ ቤት ውስጥ አለ። አንዳንዶቻችሁ ደግሞ ራሳችሁ ናችሁ፤ ይህንንም የምታነቡት «አሁን ይሄ ማንን ለመንካት ተጻፈ?» እያላችሁ ነው።

ለእኛ ወደብ የደረሱን ክቡር ጋሼ ለምንአሁን ናቸው። እናታቸው ያወጡላቸውን ስም ከባለቤታቸው በቀር የሚያስታውስ የለም። አርባ ዓመት ምልክት ሰጪ ነበሩ። ክሬን ላይ የተቀመጠው ኦፕሬተር የመርከቡን ሆድ ማየት አይችልም፤ ስለዚህ ታች የቆመ አንድ ሰው በእጁ እያመለከተ አንሳ፣ አውርድ፣ አዙር፣ ቁም ይለዋል። ያ ሰው ከተሳሳተ ከታች ያለ ሰው ያልቃል። ጋሼ በአርባ ዓመት አንድም ቀን አልተሳሳቱም። ጡረታ ከወጡ ስድስት ዓመታቸው ነው፣ ነገር ግን አስተዳደሩ ለነባር ሠራተኞች የሰጠውን ሰማያዊ የመግቢያ ካርድ አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው በየቀኑ ይመጣሉ። ካርዱ የተሰጣቸው ለበዓላት ነው። እሳቸው ግን «በዓሉ መቼ እንደሚጀምር ምን አውቄ? ቀድሞ ማየት ይሻላል» ይላሉ።

ሁለት ቃል አላቸው፤ «ለምን አሁን?»። ባለቤታቸው ሻይ ላይ አንድ ማንኪያ ስኳር ብትጨምር «ለምን አሁን?» ልጃቸው ከሌላ ከተማ ደውላ «አባዬ ናፈቅከኝ» ብትል፣ ስልኩን በእጃቸው ሸፍነው ወደ ሚስታቸው ዞር ይሉና «ለምን አሁን?» አንድ ጊዜ መርከብ በተባለበት ሰዓት ደረሰ። ጋሼ ሰዓታቸውን አዩ፣ መርከቡን አዩ፣ ከዚያ ሙሉ ጠዋት እሱን ሲጠብቁ አረፈዱ። ከሰዓት በኋላ ምንም አለመፈጠሩ ይበልጥ አሳሰባቸው።

ሌላም አመል አላቸው። ወደቡ ውስጥ እጃቸው ከኪሳቸው አይወጣም። ሰላም ለማለት እጄን ስዘረጋላቸው አንገታቸውን ነቅነቅ አድርገው ያልፋሉ። ከአጥሩ ውጪ ስንገናኝ ግን ጨብጠው፣ ትከሻዬን መታ መታ አድርገው፣ ዝንብ እያባረሩ ያወራሉ። እኔ ይህን የማየው እንደ ንቀት ነበር። እዚህ ግቢ ውስጥ የሚጨበጥ ሰው የለም ብለው ነው፣ እላለሁ።

እኔ ማለት የሕዝብ ግንኙነቱ ነኝ። የወደቡን መጽሔት ይህን የመጨረሻ ገጽ በየወሩ የምጽፍ፣ በበዓል ቀን ማይክ የምይዝ። ከሦስት ዓመት በፊት አስተዳደሩ ወደባችን የከተማው ቅርስ ነው ብሎ ሲወስን፣ የቅርስ ቀን ማዘጋጀት በእኔ ላይ ወደቀ። ጋሼ ዜናውን የሰሙ ዕለት ቢሮዬ መጡ። አልተቀመጡም።

«የሚሠራ ነገር ቅርስ አይባልም» አሉኝ፣ «ሥራ ነው የሚባለው። ቅርስ ካላችሁት ልትዘጉት ነው።»

«ኧረ ጋሼ፣ ማንም የሚዘጋ የለም!»

«አንተ ላይነግሩህ ይችላሉ» ብለው በሐዘኔታ አዩኝ።

በመጀመሪያው ዓመት ሁለተኛው መጋዘን ውስጥ የፎቶ ኤግዚቢሽን አደረግን። ከተማው ሁሉ መጥቶ ፎቶዎቹን ከፊት ሲያይ፣ ጋሼ በትከሻቸው እየገፉ ከኋላ ያዩ ነበር። ከአንዱ ፎቶ ጀርባ ግድግዳው ላይ በእርሳስ የተጻፈ ቁጥር አገኙ። «ለክተውታል!» አሉ። «እዚህ ጋ የሰው ሳሎን ሊሆን ነው።» ቁጥሩን የጻፈው ፎቶውን የሰቀለው አናጢ መሆኑን ለማስረዳት አናጢውን ራሱን አመጣሁላቸው። አናጢውን ከእግር እስከ ራሱ አዩትና «ማን ላከህ?» ብለው ጠየቁት።

በሁለተኛው ዓመት የጫኝና አውራጅ መዝሙሮችን የሚዘምር ቡድን አቋቋምን። ጋሼ በሩ አጠገብ ቆመው ሰሙ። ሕዝቡ ሲያጨበጭብ ወደ እኔ ጠጋ ብለው «እኛ ስንዘፍን ከብዶን ነው» አሉኝ። «እነዚህ ልጆች ምን ከበዳቸው?» ተናደድኩና የበለጠ አጨበጨብኩ።

ዘንድሮ ነው ነገሩ የመጣው። አንዲት የውዝዋዜ አሠልጣኝ ድንቅ ሐሳብ አመጣች፤ የምልክት ሰጪዎችን የእጅ እንቅስቃሴ በሙዚቃ አቀናብሮ ውዝዋዜ ማድረግ። መድረኩ ከሦስተኛው የመርከብ መቆሚያ አጠገብ፣ ከኋላው መርከብና ክሬን እየታየ። የሚያስተምራት ሰው ስትፈልግ ወደ ጋሼ ወሰድኳት።

«ለምን አሁን?» አሉ።

«የጥንቱ እንዳይረሳ ብለን ነው አባባ» አለች።

ጋሼ ወደ ክሬኑ ቀና አሉ። «ሲጨፍሩ ክሬኑ ይሠራል?»

«ይሠራል» አልኩ በኩራት። «ወደቡ አይቆምም፤ ውበቱም እሱ ነው!»

ጥለውን ሄዱ። በማግስቱ ግን ልምምዱ ቦታ ተገኙ፣ ከአጥር ውጪ መሆን አለበት ብለውም አስወጡን። ለሁለት ሳምንት አስተማሩ። አውርድ ለማለት ደረት መታ መታ፣ አዙር ለማለት መዳፍ ግንባር ላይ፣ አንሳ ለማለት ሁለት እጅ ወገብ ላይ። ተወዛዋዦቹ ወደዷቸው። ጋሼም እጃቸው ከኪስ ወጥቶ እንደ ወጣት ሆኑ።

እንግዲህ እዚህ ላይ የእኔ ተራ ደረሰ። መጠርጠር ይጋባል መሰለኝ፤ ከዓመታት በኋላ እኔም ያዘኝ። ቢሮዬ ያለበት ኮሪደር ላይ የቆየ የምልክቶች ሰሌዳ ተሰቅሏል፤ ለስድስት ዓመት ሳላየው ያለፍኩት። አንድ ቀን አየሁት። አውርድ ማለት ጣትን ወደ ታች አድርጎ ማሽከርከር ነው። አዙር ማለት ክንድን ዘርግቶ አቅጣጫውን ማሳየት ነው። ደረት መምታት፣ ግንባር መያዝ የሚባል ነገር የለም። ሽማግሌው ያስተማሩት ሁሉ ውሸት ነበር!

ደሜ ፈላ። ምቀኛ፣ አልኩ፤ ዕውቀቱን ለማንም ሳይሰጥ ይዞት ሊሄድ ነው። በዓሉን ሊያበላሽብኝ ነው። ጋሼ ለዓይናቸው ሐኪም ቤት የሄዱበትን ቀን ጠብቄ፣ ሰሌዳውን ከግድግዳው ነቅዬ፣ ለአሠልጣኟ ወሰድኩላት። በግማሽ ቀን ሁሉንም አስተካከልን። እውነተኛ እንዲመስል ብዬም ከዕቃ ግምጃ ቤት የምልክት ሰጪ ብርቱካንማ ጃኬትና ነጭ ጓንት ለመሪ ተወዛዋዡ አወጣሁለት።

«ጋሼ ታዲያ ለምን አሳሳቱን?» አለች አሠልጣኟ።

«ይጠረጥሩናላ» አልኳት።

የበዓሉ ቀን ጠዋት ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። ሦስት መቶ ወንበር ደርድረናል። ነባር ሠራተኞች የክት ልብሳቸውን ለብሰው፣ ከነባለቤቶቻቸው ከፊት ተቀምጠዋል። ጋሼ ሦስተኛው ረድፍ ላይ፣ ባለቤታቸው አጠገብ፣ እጃቸው ኪሳቸው ውስጥ። አጠገባችን ያለው መርከብ የፌሮ ብረት ያራግፋል። የዕለቱ ምልክት ሰጪ ከእኛ የዕቃ ድንኳን ጀርባ ተጋርዶ መቅረቱን ያስተዋለ ሰው አልነበረም። ሬዲዮውንም የእኛ ድምፅ ማጉያ ውጦታል። ላይ የተቀመጠው ኦፕሬተር ሲያጎነብስ የሚታየው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ከፍ ያለ ቦታ ላይ የቆመ ብርቱካንማ ጃኬት የለበሰ፣ ነጭ ጓንት ያጠለቀ ሰው። የእኔ መሪ ተወዛዋዥ።

ሙዚቃው ጀመረ። ልጁ ክንዱን ወደ ሕዝቡ ዘረጋ። የፌሮው ጥቅል ከመርከቡ ላይ ቀስ ብሎ ዞረ። እኔ በማይክ «ክቡራትና ክቡራን፣ የአባቶቻችን እጅ!» እያልኩ ነው። ልጁ ጣቱን ወደ ታች አድርጎ አሽከረከረ፣ በጣም አምሮበታል። ጥቅሉ መውረድ ጀመረ። ጥላው መጀመሪያ አንደኛውን ረድፍ፣ ከዚያ ሁለተኛውን፣ ከዚያ የጋሼን ባለቤት ነጠላ ሸፈነ።

ያን ጊዜ ጋሼ ተነሡ። ወንበራቸው ላይ ቆሙ። እጃቸውን ከኪሳቸው አወጡ፤ ወደቡ ውስጥ እጃቸውን ሳይ የመጀመሪያዬ ነው። ሁለቱንም ክንዶች ወደ ጎን ዘርግተው፣ መዳፋቸውን ወደ መሬት አድርገው ዝም ብለው ቆሙ። በእኛ ሥራ «ቁም» የሚለውን ምልክት ማንም ይስጠው ማን ኦፕሬተሩ ይታዘዛል። ብረቱ ከጭንቅላታቸው በላይ ቀጥ አለ፤ ሰንሰለቱ ብቻ ይንቃጨላል። ጋሼ ዓይናቸውን ሳይነቅሉ አንድ ጣት ወደ ላይ አሽከረከሩ፤ ተነሣ። ክንዳቸውን ወደ መርከቡ ዘረጉ፤ ዞረ። መርከቡ ላይ እስኪያርፍ ድረስ በእጃቸው መርተው መለሱት።

ሕዝቡ የዝግጅቱ አካል መስሎት ግቢውን በጭብጨባ አናወጠው። የወደቡ ሥራ አስኪያጅም ቆመው አጨበጨቡ። እኔም «እናመሰግናለን» አልኩ በማይክ። ጋሼ እጃቸውን ወደ ኪሳቸው መልሰው ተቀመጡ።

ወደቡ ውስጥ ለምን እጃቸውን እንደማያወጡ፣ ተወዛዋዦቹን ለምን የሌለ ምልክት እንዳስተማሩ የገባኝ እዚያው ነው። ክሬን በሚሠራበት ቦታ እጅ ሲንቀሳቀስ ላይ ያለው ሰው ያነበዋል። ይህን ሊነግሩኝ ይችሉ ነበር። ለእኔ ቢነግሩኝ ደግሞ ምን እንደማደርግበት ጠርጥረዋል፤ ትክክልም ነበሩ።

በማግስቱ ኦፕሬተሩ የሆነውን ሪፖርት ስላደረገ ስብሰባ ተጠራ፤ ጋሼና አሠልጣኟም ተጠርተዋል። ሥራ አስኪያጁ ጠረጴዛውን መታ መታ እያደረጉ «እውነተኛውን ምልክት ለተወዛዋዦቹ ያስተማረ ማነው?» አሉ።

«ያስተማሩን ጋሼ ናቸው» አለች አሠልጣኟ፣ «ግን በኋላ ተስተካክሏል…» ብላ ወደ እኔ አየች።

«ማነው ያስተካከለው?»

የስብሰባ ደብተሬን ገልጬ ቀኑን መጻፍ ጀመርኩ።

«እኔ ነኝ» አሉ ጋሼ። «መጀመሪያ አሳስቼ አስተማርኩ፣ ኋላ ጸጸተኝና አስተካከልኩት። እርጅና ነው።»

አሠልጣኟ ዓይኗን ከእኔ ላይ አላነሣችም። ሥራ አስኪያጁ ሰማያዊውን ካርድ ጠየቁ። ጋሼ ከአንገታቸው ሲያወጡት ገመዱ ጆሯቸው ላይ ያዘ፤ ባለቤታቸው ያሰረችው ጠባብ ነበር። ኮሪደሩ ላይ ሮጬ ደረስኩባቸው።

«ጋሼ፣ ለምን እንዲህ አደረጉ?»

«ለአንተ ብዬ እንዳይመስልህ» አሉ ፊታቸውን አጨፍግገው። «አንተን ቢያባርሩ ሌላ ሊያመጡ ነው። አንተን ለማወቅ ሦስት ዓመት ፈጅቶብኛል። አዲስ ሰው ከሥር ጀምሬ ልጠረጥር? አቅሙ የለኝም።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ በየጠዋቱ ከአጥሩ ውጪ ይቆማሉ። እጃቸው ኪሳቸው ውስጥ ነው፤ ውጪ ሆነውም። ክሬኖቹ ከዚያም ይታያሉና። እኔ በመኪና መግቢያው በኩል ዞሬ መግባት ጀመርኩ። ሰባት ሳምንት እንዲህ ዞርኩ። ስለ ሌላ ነገር ሁለት ጊዜ ይህን ገጽ ሞላሁ፤ አንዱ ስለ ባሕር ወፎች ነበር።

ትናንት ይህን ጽፌ ወደ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገባሁ። ያለ እሳቸው ፊርማ እዚህ መጽሔት ላይ የሚታተም ነገር የለም። ሁለት ጊዜ አነበቡት። ፈረሙበት። ከዚያ መሳቢያቸውን ከፍተው ሰማያዊውን ካርድ ጠረጴዛው ላይ አኖሩ።

«በር ላይ አስቀምጥላቸው» አሉ። «የአንተን በኋላ እናወራለን።»

ጋሼ፣ ይህን መጽሔት ከመጨረሻው ገጽ እንደሚጀምሩ አውቃለሁ፤ የሚደብቁት እዚያ ነው ስለሚሉ። «ለምን አሁን?» እንደሚሉም አውቃለሁ። ስለፈራሁ ነው። ሰባት ሳምንት ሙሉ ሥራዬን ብቻ ስፈራ ነበር፤ እርስዎ ያንን ሁሉ ብረት ከሰው ጭንቅላት ላይ በባዶ እጅዎ መልሰው፣ አጥር ሥር ቆመው ሳለ። ይቅር ይበሉኝ። ሳይጠረጥሩ ይበሉኝ አልልም፤ እሱ አይሆንልዎትም፣ ባይሆንልዎትም ደስ ይለኛል።

ካርዱ በር ጠባቂው ጋ ነው፤ ገመዱን አስረዝሜዋለሁ። ሲቀበሉት ገልብጠው እንደሚያዩት አውቃለሁ። እኔም ስቀበል ገልብጬ አይቼዋለሁ፤ ከጀርባው ምንም የለም።