የሳጅን ቢሻው ሰላምታ

በዚህ አገር ሰላምታ የማያበዛ ፖሊስ ወይ አለቃ ሆኗል፣ ወይ ገና ሰፈር አልተመደበም። ሰፈር የተመደበውማ ወዮላችሁ! እንዲህ ያለ ሰው የሌለው ሰፈር ያለ አይመስለኝም። የእኛው ክቡር ሳጅን ቢሻው ይባላሉ።

ሳጅን ከአዘዞ ቤተ ክርስቲያን በር ተነሥተው ታክሲ መያዣው ለመድረስ ግማሽ ቀን ይፈጅባቸዋል። መንገዱ ረጅም ሆኖ አይደለም፤ ሰው ስላለበት ነው። «እንዴት አደራችሁ? ልጆችስ? ያቺ የታመመችው አክስትሽስ ተሻላት? ከብቱስ ደህና ነው?» ይላሉ። እኔ የማስተምረው ዩኒቨርሲቲ፣ የምኖረው ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ከብት ቀርቶ ድመት የለኝም። ይህንንም ደጋግሜ ነግሬያቸዋለሁ። «ይሁን መምህር ፊልጶስ፣ እግዜር ይስጥዎት» ብለው ይሄዱና በማግስቱ «ከብቱስ?» ይሉኛል። በረንዳዬ ላይ ሆኜ ኮፍያቸውን ከሩቅ ሳይ ስልኬን ጆሮዬ ላይ ለጥፌ፣ ከማንም ጋር ሳልነጋገር፣ «እሺ፣ እሺ» እያልሁ የምስቅበት ቀን ብዙ ነበር።

በልጅነቴ ፖሊስ ሰላም አይልም ነበር። ቀሐ ወንዝ ዳር ኳስ ስንጫወት ፖሊስ ብቅ ካለ ኳሱን ጥለን እንበተናለን፤ ምን አጠፋችሁ ያለን ሰው ሳይኖር። አልተኛ ያለ ልጅ ሲያስቸግራቸው እናቶቻችን መጀመሪያ የሚጠሩት ፖሊስን ነው፤ ጅብ የሚጠራው ፖሊስ እንቢ ሲል ነበር። አባቴ በጣቢያው ፊት ለፊት ማለፍ ግድ ሲሆንበት ኮፍያውን አውልቆ መንገዱን ይሻገራል። የፖሊሱን ዱላ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ የፖሊሱን ስም ግን የሚያውቅ አልነበረም።

ዘመን ተለወጠና ሕዝብና ፖሊስ እጅና ጓንት ይሁኑ የሚል ሥልጠና መጣ። ሳጅን ቢሻውም ከሥልጠናው አዳራሽ አንዲት ቃል ይዘው ወጡ፦ «ፖሊስ ማለት ዩኒፎርም የለበሰ ጎረቤት ነው።» ከዚያ ወዲያ ያልገቡበት ቤት የለም። የባልና ሚስት ጠብ ሲሰሙ ይገባሉ፤ ጠብ ባይኖርም ይገባሉ። አንድ እሑድ ከሰዓት ጎረቤቶቼ ወይዘሮ ሸዋአየሁና ባለቤታቸው ተቀምጠው ድራማ ሲያዩ፣ ሳጅን የተዋናዮቹን ጩኸት ከደረጃው ሰምተው ሁለት ሽማግሌ ይዘው ደረሱ። ቢነገራቸው፣ ቢማልላቸው አልሰሙም። በመጨረሻ ያልተጣሉት ባልና ሚስት ተሳስመው ታረቁ። መብራት ሲጠፋ የሚደወለው ለእሳቸው ነው፤ ለቅሶ ሲኖር ድንኳኑን ከሚተክሉት ጋር ካስማ የሚመቱት እሳቸው ናቸው። እናቶችም ዛሬ «ፖሊስ ይወስድሃል» ማለቱን ትተው ልጁን ለሳጅን አስይዘው ዳቦ ይገዛሉ።

ታዲያ አምና የሰፈራችን የውሃ መሳቢያ ሞተር ተሰረቀ። ውሃ የጠፋበት ሰው ደግሞ ክፉ ነው፤ ሁሉም ሌባው ዛሬውኑ ይገኝልኝ አለ። ሳጅን የአባቶቻችንን ዘዴ አመጡ፤ አውጫጭኝ። በድሮው ጊዜ ከብት ሲሰረቅ የአገሩ ሰው አንድ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል፤ ሌባው ሳይወጣ የሚበተን የለም፤ የሚያውቅም በምስጢር ይናገራል። እኛንም በሕንጻዎቹ መካከል ባለው ሜዳ ላይ ሰበሰቡንና አንድ በአንድ እየቀረብን በጆሯቸው እንድንነግራቸው አዘዙ። እኔ የማውቀው የለም ብዬ ተመለስሁ። ብዙው ሰው ግን አንድ ስም መጥራቱን ያወቅነው፣ በዚያው ዕለት የግቢያችንን ጥበቃ አያ ነጋን ይዘዋቸው ሲሄዱ ነው።

አያ ነጋ ከደጋው አገር ከኮሶዬ የመጡ፣ ዝምተኛ፣ እዚህ አንድም ዘመድ የሌላቸው ሽማግሌ ነበሩ። ሲሰርቁ ያያቸው ሰው አልነበረም። አውጫጭኝ እኮ የተሠራው ሰው ሁሉ ለሚተዋወቅበት አገር ነው። እዚያ የሰው ስም መጥራት ያስፈራል፤ ዘመዱ አለ፣ ማኅበሩ አለ፣ ነገ ቀብር ላይ መገናኘት አለ። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ግን የማያውቁትን ሰው ስም መጥራት ቀላል ነው። ወሬው በዛና ማስረጃ መሰለ። ሳጅንም ጎረቤቶቻቸውን አመኑ።

አያ ነጋ ሁለት ሳምንት ያህል እንደታሰሩ ሞተሩ ሌላ ሰፈር፣ ለመሸጥ ሲደራደር ከተያዘ ሰው እጅ ተገኘ። ሰውየውም አመነ። አያ ነጋ «ነጻ ነህ፣ ሂድ» ተባሉ እንጂ ይቅርታ ያላቸው አልነበረም። ወሬ ደግሞ ከመኪና ይቀድማል። ኮሶዬ ያለችው ልጃቸው እጅጋየሁ ለጥር ልትዳር ታጭታ ነበር፤ የታጨችለት ልጅ አባት «ከሌባ ቤት አልጋባም» ብሎ ቃሉን አፈረሰ። አያ ነጋ ጋቢያቸውን አንሥተው ወደ ኮሶዬ ወጡ፤ በአገራቸውም እንደ ሌባ መታየት ጀመሩ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ሳጅን ሰላምታ አቆሙ። አንገታቸውን ደፍተው በመንገዱ ዳር ዳር ያልፋሉ። ወይዘሮ ሸዋአየሁ «ምነው፣ ታመው ይሆን?» አሉ። እኔም በረንዳዬ ላይ ቆሜ የምሸሸው ሰው አጣሁ።

አንድ ማለዳ ሳጅን በሬን አንኳኩ። ስለ ከብቱ አልጠየቁም። ኮሶዬ ሄደው ይቅርታ ሊጠይቁ እንደሆነ ነግረውኝ ሽማግሌ ይሁኑኝ አሉ። አለቃቸው ዩኒፎርም አንገት አይደፋም፣ ተራ ልብስ ለብሰህ ሂድ ብሏቸው ኖሯል። «የያዝኋቸው ግን በዩኒፎርም ነው» አሉኝ። ተዘግቶ የነበረው መንገድ እስኪከፈት ጠብቀን፣ እኔ፣ የደብራችን ቄስ ኃይለ ጊዮርጊስና ከሰፈራችን ጥቂት አባወራዎች ሆነን አንድ እሑድ አብረናቸው ወጣን።

ቅዳሴ አልቆ ሕዝቡ ሲወጣ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ደረስን። ሳጅን ከመንገዱ ዳር ድንጋይ አነሡ፤ ትንሹን አልመረጡም። አንገታቸው ላይ ተሸክመው፣ ጎንበስ ብለው አያ ነጋ ፊት ቆሙ። የኮሶዬ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ ምሕረት የሚለምን ነፍሰ ገዳይ አይቶ ያውቃል፤ ድንጋይ የተሸከመ ፖሊስ ግን አላየም። ቃሉን ያፈረሰው የልጁ አባትም እዚያው ቆሟል።

«አያ ነጋ፣ ሌባ ብዬ ያሰርሁዎት እኔ ነኝ። እርስዎ ሌባ አይደሉም። ይህን በአገርዎ ሰው ፊት ልናገር መጣሁ። ይማሩኝ።»

አያ ነጋ ከኋላ የቆምነውን አንድ በአንድ አዩን።

«አንተስ ተሸከምህ» አሉ። «ስሜን በጆሮህ የነገሩህ እነማን ናቸው? እሱን ንገረኝና ላውርድልህ።»

ከአጠገቤ ያሉት አባወራዎች መሬት መሬት አዩ። ሳጅን ስሙን ሁሉ ያውቁታል፤ ዞር ብለው አንዱን ቢያሳዩ ይገላገሉ ነበር።

«የሰማው ጆሮ የእኔ ነው፣ ያሰረውም እጅ የእኔ ነው» አሉ። «ድንጋዩም የእኔ ነው፣ አያ ነጋ። ካልማሩኝ ይዤው እመለሳለሁ።»

ያን ጊዜ ከእኛ መካከል አቶ ዋኘው፣ የምድር ቤቱ ባለሱቅ፣ ወደ ፊት ወጡ። ከመንገዱ ዳር ድንጋይ አንሥተው ከሳጅን ጎን ጎንበስ አሉ። ሌላ የወጣ የለም። አያ ነጋም አንዴ ሰማዩን፣ አንዴ ሁለቱን አዩና ድንጋዮቹን በየተራ አወረዱላቸው።

የልጁ አባት ወዲያው ሽማግሌ ልላክ ማለቱን ሰምተናል። እጅጋየሁ በወሬ ከሚፈርስ ቤት አልገባም ብላ እንቢ አለች፤ ሸጋ አደረገች። አያ ነጋ ወደ ጥበቃው አልተመለሱም። በኮሶዬ ግን ዛሬ ስማቸው ሲጠራ ሌባ የሚል ሰው የለም።

ሳጅን ሰላምታቸውን መልሰዋል። ትናንት ጠዋት በረንዳዬ ላይ ቆሜ ኮፍያቸውን ከሩቅ አየሁ። ስልኬን ኪሴ ከትቼ ደረጃውን ወረድሁና ጠበቅኋቸው። ልጆቹን ጠየቁ፣ ሥራውን ጠየቁ፣ ጤናዬን ጠየቁ።

«ከብቱስ መምህር፣ ደህና ነው?»

«ደህና ነው ሳጅን» አልኋቸው። «ላሟም ወልዳለች።»