አገሩ ሁሉ እንደኔ ሆኖ አደረ

ሌሊቱን በሕልሜ አገሩ ሁሉ እንደኔ ሆኖ አደረ።

እንደኔ ማለቴ፣ እግዜር የለም የሚል። ሰፈር ውስጥ «ከሀዲው ተክለሚካኤል» ነው የምባለው። ተክለሚካኤል የሚለውን ያወጣው አባቴ ነው፣ እኔን አትጠይቁኝ። ሕልሙን ያየሁት ሆስፒታል ኮሪደር ውስጥ፣ አግዳሚ ወንበር ላይ ነው። ታላቅ እህቴ እትዬ ባንቺአየሁ ተኝታለች፤ ጠዋት የልብ ቀዶ ጥገና ይጠብቃታል። እናታችን ልጅ ሳለሁ ስለሞተች ያሳደገችኝ እሷ ናት። ማታ ልሰናበታት ስገባ እጇን ራሴ ላይ ጭና መረቀችኝ። 

«አሜን በል እንጂ! ምርቃት ያለ አሜን መሬት ይቀራል።»

«ለማላምንበት ነገር አሜን ብል መዋሸት ነው፣ እትዬ። ውሸት ነውር ነው እያልሽ ያሳደግሽኝ አንቺ ነሽ።»

ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እኔም ወጥቼ ወንበሩ ላይ ጋደም አልኩ፤ እንቅልፍ ይዞኝ ሄደ።

ሕልሜ የጀመረው በድምፅ ማጉያ ነው። ገና ሳይነጋ «የለ...ም! የለ...ም!» እያለ ሰፈሩን ቀወጠው። እኔ እንኳ ይህን ሁሉ ዘመን የለም ስል ማንንም ከእንቅልፉ ቀስቅሼ አላውቅም። ብድግ ብዬ ብወጣ ጎረቤቴ እማማ ጥሩአየሁ፣ በእውኑ ዓለም ኪዳን የማያስታጉሉት ባልቴት፣ ነጠላቸውን ገልብጠው ተከናንበው ወደ ጩኸቱ ይገሰግሳሉ።

«እንዴት አደሩ፣ እማማ?»

«ማንም አይመስገን፣ ደህና ነኝ። አንተስ?»

«እኔም... ማንም አይመስገን።»

«በል እንዳትቀር፣ ዛሬ የባዶ ንግሥ ነው።»

ደስ አለኝ፣ አልዋሽም። ብቻዬን ስከራከር የኖርኩ ሰውዬ በመጨረሻ አገር አገኘሁ! ተከተልኳቸው። መንገድ ዳር የኔ ቢጤዎች ተሰልፈው ለአላፊ አግዳሚው ዳቦ ይዘረጋሉ፤ «ስለ ማንም ብላችሁ ተቀበሉን!» ይላሉ። ለበዓሉ በጎች ገበያ ወጥተው ሰው ያማርጣሉ። አንዱ ሙክት ወደኔ ጠጋ ብሎ ወገቤን ዳበስ ዳበስ አደረገኝ።

«አጥንት ብቻ ነው» አለ ለጓደኛው።

«ክርክር ያከሳው ነው። እለፈው» አለ ጓደኛው።

አደባባዩ ላይ ሰባኪው ቆሞ «አያያችሁም! አይሰማችሁም!» ሲል ሕዝቡ እልል ይላል፤ እኔም እልል አልኩ። አንዲት ሴት ትልቅ ጃንጥላ ይዛ ወደ ፊት ወጣች። «ልጄ ካልዳነ ጃንጥላ አገባለሁ ብዬ ተስዬ ነበር፤ ይኸው አልዳነም» አለች። አሁንም እልልታው ቀለጠ። ሴትዮዋ ጃንጥላውን የሚቀበላት ብትፈልግ አጣች፤ ሰው ሲበተንም እንደያዘችው እዚያው ቆማ ነበር። የኔ እልልታ ግን አፌ ውስጥ ቀረ።

አቧራው አፍንጫዬ ገብቶ አስነጠሰኝ። ወግ ነውና ቆሜ ጠበቅሁ። ይማርህ የሚል ጠፋ። የሚበተነው ሕዝብ በአንድ ድምፅ «አቧራ ነው!» አለኝ። እውነታቸውን ነው፣ አቧራ ነበር። ግን ምን ልበላችሁ፣ ቅር አለኝ።

ሁለተኛ ሳስነጥስ ሆስፒታሉ በር ላይ ነኝ። በረኛው ስሜን ጠየቀኝ።

«ተክለሚካኤል።»

«የኋላውን እዚህ አስቀምጥና ግባ።»

ደጃፉ ላይ ሚካኤል፣ ማርያምና ሥላሴ ተቆልሏል፤ ሰው ሁሉ የስሙን ግማሽ አራግፎ ነው የገባው። እኔም ተክለ ብቻ ሆኜ ገባሁ። ውስጥ ሐኪሞቹ አልጋ ላይ ተኝተዋል፤ በሽተኞቹ ማዳመጫ አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ይጎበኟቸዋል። አንዲት ደም ግፊት ያለባት ሴትዮ ፕሮፌሰሩን «ጨው ተው ብዬህ አልነበረም?» እያለች ትቆጣዋለች።

እትዬ በተሽከርካሪ አልጋ ላይ ተጋድማለች። የእሷ ከንፈር ሽንኩርት ስትልጥም ልብስ ስታጥብም እያነበነበ የሚውል ነበር። ዛሬ ጸጥ ብሏል። ዓይኗ ብቻ ይንከራተታል።

«ተክለ፣ ፈራሁ» አለችኝ።

«አይዞሽ።»

«አይዞሽማ ሁሉም አለኝ። አንተ ይህን ኑሮ ለምደኸዋል፣ እስቲ ንገረኝ። ሰው ሲፈራ ፍርሃቱን የት ነው የሚያስቀምጠው?»

ዕድሜ ልኬን ያጠራቀምኩት ንግግር ነበረኝ እኮ! ሰው የሚያምነው መብረቅ ከምን እንደሚመጣ ስላልገባው ነው፤ ሞትን ስለሚፈራ ነው፤ አባት ስለሚናፍቅ ነው። ቢራ ቤት ስናገረው ጠረጴዛ ይደበደብልኛል። እሱኑ አነበነብኩላት።

ጨርሳ ሰማችኝና «እንደምፈራ ካወቅህ፣ ታዲያ ምን ይዘህልኝ መጣህ?» አለች።

እጄን ባየው ብርቱካን ነው። እሱም ከቀዶ ጥገና በፊት አይበላም።

 እህቴ እኮ መብረቅ ከምን እንደሚመጣ ታውቃለች፤ እኔን ለፈተና ያስጠናችኝ ራሷ ናት። እናታችን የሞተች ጊዜ፣ ገና ኮረዳ ሳለች፣ እኔን የሚያህል ሸክም ተጫነባት። ከበደኝ ብላ የምትነግረው አንድ ሰው አልነበራትም። ስለዚህ ሰው በሌለበት የሚሰማ ጆሮ ፈለገች፣ እሱን እያዋራች አሳደገችኝ። እኔ የለም የምለውን ተደግፋ ነው እኔን ያቆመችኝ። አሁንም ጆሮው አለ አልልም። እሷ ግን ያለ እሱ ምን ይውጣት ነበር?

 አፌም ሳያስፈቅደኝ «እግዜር ይማርሽ፣ እትዬ» አለ።

 በረኛው እየሮጠ መጣ።

«ማን ነው ያለው?»

«እኔ አይደለሁም፣ አፌ ነው።»

አንጠልጥለው ሽማግሌዎች ዘንድ አቀረቡኝ። ሽማግሌ የተባሉት ጋቢ የደረቡ ሕፃናት ናቸው፤ መሃል የተቀመጠው ጥርስ እንኳ አላበቀለም።

«አይተኸዋል ወይ?» አለኝ ድዳሙ።

«አላየሁትም።»

«ታምንበታለህ?»

«ኧረ በጭራሽ!»

«ታዲያ ለምን ጠራኸው?»

«እህቴ ፈርታ ነዋ! ሌላ ምን ልበላት?»

ሕፃናቱ ጢማቸውን ፈልገው ሲያጡት አገጫቸውን እያሻሹ ተመካከሩ።

«ፍርዱ ቀላል ነው» አለ ድዳሙ። «አጠገቧ ቆመህ፣ ዓይን ዓይኗን እያየህ፣ የለም ትላታለህ። የዕድሜ ልክ ሥራህ ነው፣ ምን ያቅትሃል?»

እውነቱን ነው፣ ምን ያቅተኛል? ሄጄ ቆምኩ። እትዬ ቀና ብላ አየችኝ። «የ...» አልኩ። «የ...» ድምፅ ማጉያው «በል እንጂ! በል እንጂ!» ይለኛል። 

«ጋሼ! ጋሼ፣ ይነሡ! ሊወስዷት ነው።»

ትከሻዬን የምትነቀንቀኝ ነርሷ ናት። ነግቷል። ሐኪሙ አረንጓዴ ልብሱን ለብሶ በኮሪደሩ መጣ። በዚህች ምድር የማምነው ነገር ቢኖር ይህ ወጣት ነው። ሮጬ እጁን ያዝኩት።

«ዶክተር፣ እንደው ተስፋ አላት?»

«የምንችለውን እናደርጋለን ጋሼ። ከባድ ነው፣ አልዋሽዎትም። የቀረው የእግዚአብሔር ነው፤ ይጸልዩ።»

«እኔ?!»

አማተበና ገባ። ጉድ እኮ ነው! ያለኝ አንድ ሐኪም፣ እሱም ወደ ላይ ሪፈር ጻፈልኝ።

እትዬን እየገፉ አመጧት። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። አጠገቤ ሲደርሱ «አንዴ አቁሙልኝ» አለች። እጇን ስትዘረጋ ጎንበስ አልኩላት።

«እኔ ብቀር እንኳ ሰው አያሳጣህ። የሚሰማህ አያሳጣህ።»

እጇ ራሴ ላይ ቆየ። እንደ ማታው «በል እንጂ» አላለችኝም፣ ተስፋ ቆርጣለች። እጇን ልታነሣ ስትል፣

«አሜን!»

ጮክ ብዬ ነው መሰለኝ ያልኩት፣ ኮሪደሩ በሙሉ ዞረ።

«ማን ነው ያለው?» አለች እትዬ።

«እኔ ነኝ።»

ትክ ብላ አየችኝ። ከዚያ ጥርሷ ብልጭ አለ።

«ውሸታም!» አለችኝ፤ እየሳቀች ገባች።

እኔ እዚያው አግዳሚ ወንበር ላይ ነኝ፤ እስካሁን አልወጣችም።