ግድግዳው ላይ የምትሰፋዋ ሴት

የሰፈሩ የመለያ ኮሚቴ ሰባት ጊዜ በጥልቀት ከተወያየ በኋላ፣ ሰፈሩ በየቀኑ ቤት ቢጨምርም መልክ እንደሌለው በሙሉ ድምፅ አረጋገጠ። መልኩም በዋናው መንገድ ዳር ባለው ረጅም ግንብ ላይ እንዲሣልለት ተወሰነ። ርእሱ «እጀ ወርቅ ነዋሪዎቻችን» ሆነ። ለአርአያነት የተመረጠችው ልብስ ሰፊዋ ናት፤ በሯ በዚያው ግንብ ላይ በተከፈተ ጠባብ ሱቅ የሰፈሩን ጉልበትና ክርን ስትጥፍ ሃያ ዓመት ሆኗታል።

ልብስ ሰፊዋ ደስ ብሏት ለሠዓሊው ሦስት ቀን አንገቷን ቀና አድርጋ ተቀመጠችለት። በአራተኛው ቀን ግንበኛ ብሎኬት ይዞ መጣ።

«ጋሼ፣ ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» አለቻቸው የኮሚቴውን ሊቀመንበር።

«በርሽ ሥዕሉ ላይ ልክ አፍንጫሽ ጋ አረፈ። ለጥበብ ሲባል ይደፈናል።»

«ደንበኞቼስ በየት ይግቡ?»

«ለምን ይገባሉ? አንቺን ለማየት ከሆነ ይኸው፣ አራት ሜትር ሆነሽ ከሩቅ ትታያለሽ።»

«ያቺ ቁልፍ አትተክልማ።»

«እህቴ፣ ሰፈር ሲያድግ በግል ጉዳይ አንነታረክ።»

በሩ ተደፈነ። ልብስ ሰፊዋ ቀድማ ያወጣቻትን የስፌት መኪናዋን ማዶ ዛፍ ሥር ብትዘረጋ፣ ደንብ አስከባሪው «የራስሽን ሥዕል እየከለልሽ ነው» ብሎ አስነሣት። ለሙያዋ ክብር ሲባል ሥራ ፈት ሆነች።

በምረቃው ቀን ሊቀመንበሩ አዲስ ሱፍ ለብሰው ከግንቡ ፊት ቆሙ። «ዛሬ ሰፈራችን ባለሙያውን አከበረ!» ብለው ሪባኑን ለመቁረጥ ጎንበስ ሲሉ፣ ሱሪያቸው ከኋላ ከቀበቶ እስከ ጭን ጠረረረ ብሎ ተተረተረ። ወዲያው ጀርባቸውን ከግንቡ ጋር አጣበቁ።

«ልብስ ሰፊዋ የት አለች?» አሉ በሹክሹክታ።

«ከኋላዎ ናት» አላቸው ሠዓሊው።

«የምትሰፋዋን ነው የምልህ።»

የምትሰፋዋ ከሕዝቡ መሃል ቀረብ አለች። «መርፌና ክር ይዣለሁ፣ ጋሼ። ግን ውጭ መስፋት ተከልክያለሁ። ሱቄ ይግቡና ልስፋልዎ።»

ሊቀመንበሩ ሕዝቡን አዩ፣ ሕዝቡም እሳቸውን። «ግንበኛውን ጥሩልኝ» አሉ፤ መዶሻው እስኪመጣም የሁለት ገጹን ንግግር ከግንቡ ሳይላቀቁ አራት ጊዜ አነበቡ።

በቃለ ጉባኤው እንደሰፈረው፣ ኮሚቴው ከመነሻው ባቀደው መሠረት፣ ሰው የሚገባበት የመጀመሪያው ሥዕል ለአገልግሎት ክፍት ሆኗል። የፈጠራው ሽልማትም ለሊቀመንበሩ ተሰጠ። ሲቀበሉ ግን ጎንበስ አላሉም።